ከካዛንቺስ እስከ ለገጣፎ

ባለፈው ወር አንድ የድሮ ተማሪዬ ጋ ለገጣፎ ሄጄ ሁለት ቀን አደርኩ። እንሴኖ ሳስተምረው ከኋላ ወንበር የማይጠፋ ልጅ ነበር። ዛሬ መርካቶ ሱቅ፣ ለገጣፎ ደግሞ በአጥር በተከበበ መንደር ውስጥ ቪላ አለው። እግዜር ይጨምርለት። በሩ ላይ መታወቂያዬ ተያዘ፣ ስሜ ተመዘገበ፣ የያዝኩት የማረቆ በርበሬም ተፈተሸ።

ውስጡ ያምራል፤ ዛፍ አለ፣ ጸጥታ አለ። ጠዋት የጎረቤቱን ስም ብጠይቀው "ቲቸር፣ እኔ መኪናቸውን ነው የማውቀው" አለኝ። አራት ዓመቱ ነው እኮ!

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ካዛንቺስን አስታወስኩ።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ሰፈሩ በመኳንንቱ ስም ነበር፤ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር እንደምንለው። ጌታው ከፍታው ላይ፣ ወታደሩና አሽከሩ ዙሪያውን። እኩልነት ነበር እያልኩ አይደለም፣ ኧረ የት መጥቶ! ግን አንዱ ቤት ሲለቀስ ሌላው ይሰማል።

ሰውን ለያይቶ ማስፈርን በመንግሥት ፕላን ያመጣብን ጣሊያን ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ጉይዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያወጡት ፕላን ነጩን ለብቻ፣ ሐበሻውን ለብቻ የሚያደርግ ነበር። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በምህጻረ ቃል "ኢንቺስ" ይባል ነበር። የእሱ ቤቶች "ካዛ ኢንቺስ" ተባሉ፤ እኛ ካዛንቺስ አልነው። "ፖፖላሬ" የምንለውም እንዲሁ ከጣሊያንኛ የቀረ ስም ነው። ሐበሻውና ገበያው ደግሞ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተገፋ። ያ የተገፋው ገበያ መርካቶ ነው! የእኛ አገር ሰው ሊስትሮ ጠርጎ፣ ቆሎ ሸጦ፣ በኋላም ሱቅ ከፍቶ ሰው የሆነበት። የተማሪዬም ቪላ የተሠራው በመርካቶ ብር ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ለመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ እንዳይበልጥ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ። ስንቱን ቤተሰብ እንዳስለቀሰ አውቃለሁ፣ አልክድም። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ስማር ካዛንቺስ አክስቴ ዘንድ፣ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ ያለች የቀበሌ ቤት ነው የኖርኩት። የቪላው እትዬ በነጠላ ጫማ መጥተው ቡና ይጠጣሉ። በዚያው ቡና ላይ ሥራ ይገኛል፣ ጠብ ይታረቃል፣ የእኔም የደብተር ብር ሁለቴ ከእሳቸው ቦርሳ ወጥቷል።

1986 ላይ መሬት በሊዝ ሆነ፤ ቀጥሎ ሪል ስቴቱ መጣ፣ አያት፣ ሲኤምሲ፣ ለገጣፎ። ዛሬ የሚለየው ብር ነው እንጂ ዘር አይደለም፤ ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ማንም ሰው ከሌባና ከጭቃ ቢሸሽ አልፈርድም። በ2017 መግቢያ ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። የአክስቴ የቡና ጎረቤቶች ከተማው ዳርና ዳር ተበትነዋል፣ በስልክ ነው የሚጠያየቁት።

ስመለስ በርበሬውን ለሁለት ከፍዬ "ግማሹን ለጎረቤትህ ስጥልኝ" አልኩት። ትናንት ደወለ።

"ሰጠኋቸው ቲቸር።"

"ታዲያ ስማቸው ማን ነው?"

"ኧረ የተቀበለችኝ ሠራተኛዋ ነች።"