የገረብ ሸንጎና የ1935 ዓ.ም. የትግራይ ዓመፅ

በወጀራትና በራያ አገር ሕዝቡ ገረብ በሚባል ሸንጎ ተሰብስቦ ደም ማድረቅና ጠብ ማብረድ የቈየ ልማዱ ነበር። ከጣልያን መባረር በኋላ ሹማምንቱ በግብሩ ላይ ጉቦና መማለጃ ስለ ጨመሩበት ገበሬው ተማረረ፤ በ1935 ዓ.ም. የእርቅ ሸንጎው የጦር ምክር ቤት ሆነ። ወያኔ የተባለውም ይኸው ዓመፅ ነው።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. በቱርክ መንግሥት ላይ የተነሡ የስትራንጃ ተራራ ቡልጋሮች አለ ገዢ ሦስት ሳምንት ያህል በኅብረት ኖረዋል። የትግራዩን ግን በዚያ ስም መጥራት ያስቸግራል፤ ከገበሬው ጋር ሹመት የጎደለባቸው መኳንንት ተሰልፈውበታልና። ቢሆንም ለገበሬው መሰብሰቢያ የሆነው የራሱ ሸንጎ ነበር።

ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ በመሩት ዘመቻ በመስከረም 1936 ዓ.ም. መቀሌ በዓመፀኞቹ እጅ ገባች። ሸንጎ ጠብ ያበርዳል እንጂ ቦምብ አይመልስም፤ በዚያው ወር መጨረሻ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማይቱን ደበደቡ። የራስ አበበ አረጋይም ጦር በምድር ገፋ፤ ጥቅምት ሳያልቅ ዓመፁ ተሸነፈ። ከቅጣቱ ሁሉ የከበደው በራያና በአዘቦ ላይ ወደቀ፤ የገበሬው መሬት ተወረሰ።