የስኳር በሽተኛን የእግር ቍስል በደረጃ ስለ መመደብ ታሪክ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ፥ ሐኪሞች የስኳር በሽተኛን የእግር ቍስል በደረጃ መመደብ የጀመሩት ስለ ምን እንደ ሆነና፥ ምደባው የእግርን መቈረጥ አስቀድሞ ለማወቅ ምን ያህል እንደሚረዳ መመርመር ነው። ዘመኑን የጻፍነው ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኢንሱሊን በ1921 በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርስቲ ከመገኘቱና በ1922 ለበሽተኛ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፥ በተለይ በልጅነቱ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ብዙ አይቈይም ነበር። መድኀኒቱ ዕድሜን አራዘመ፤ ዕድሜ ሲረዝም ግን ሌላ ችግር ጐልቶ ታየ። የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ የስኳር በሽተኛ እግር መበስበስ ታላቅ አደጋ መሆኑን አመልክተው፥ በንጽሕናና በጥንቃቄ ሊከላከሉት እንደሚቻል አስተማሩ።

አደጋው የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። መጀመሪያ የስሜት ነርቭ ይደክማል፤ በሽተኛው እሾህ ሲወጋው ወይም ጫማ ሲልጠው አይሰማውም። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነውና፥ ዘበኛው ሲተኛ ቍስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል። ሁለተኛ የደም ሥር ይጠባል፤ ደም በሚገባ ያልደረሰው ሥጋ አይሽርም። ሦስተኛ ቍስሉ ያመረቅዛል፤ መግሉም እስከ አጥንት ይዘልቃል። በሕንድ አገር በቬሎር የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ያክሙ የነበሩት ፖል ብራንድ፥ እግርን የሚያቈስለው ደዌው ራሱ ሳይሆን የስሜት መጥፋት መሆኑን አስረድተዋል፤ ይህም ትምህርት ኋላ ለስኳር በሽተኞች ሕክምና ጠቀመ።

ቍስልን በቍጥር መመደብ በሰፊው የታወቀው በ1976 ሜጊት፥ በ1981 ደግሞ የካሊፎርንያው ሐኪም ዋግነር ባሳተሙት ሥርዐት ነው። በዚህ ሥርዐት 0 ማለት ቈዳው ያልተከፈተ፥ ነገር ግን የሚያሰጋ እግር ነው። 1 ላይ ላዩን ያለ ቍስል፥ 2 እስከ ጅማት ወይም አጥንት የጠለቀ፥ 3 መግል የቋጠረ ወይም አጥንቱ የመረቀዘ፥ 4 የእግሩ ፊት የበሰበሰ፥ 5 ደግሞ መላ እግሩ የበሰበሰ ማለት ነው።

ሥርዐቱ ቀላል በመሆኑ ተወደደ። እኛ ግን ሁለት ጕድለት እናይበታለን። አንደኛ፥ 4 እና 5 የሚናገሩት ስለሚመጣው ሳይሆን ስለ ሆነው ነገር ነው፤ ሥጋው ከሞተ በኋላ እግር ይቈረጣል ማለት ትንቢት አይባልም። ሁለተኛ፥ ጥልቀት የሌለው ነገር ግን ደም ያጣ ቍስል ተገቢ ቦታ አላገኘም፤ በ1 ተመድቦ ቀላል ይመስላል።

ይህን ጕድለት ለማሟላት በቴክሳስ በሳን አንቶንዮ የሚገኙ ሐኪሞች በ1996 ሌላ ሠንጠረዥ አወጡ። ጥልቀቱን ከ0 እስከ 3 በአንድ ወገን፥ ማመርቀዝንና የደም እጥረትን በሌላ ወገን አደረጉ። በ1998 በ360 በሽተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት ሲታተም፥ ማመርቀዝና የደም እጥረት አብረው ካገኟቸው መካከል 76.5 በመቶው ከእግር መዳፍ አጋማሽ ወይም ከዚያ በላይ መቈረጣቸው ታወቀ፤ ከሌሎቹ ግን እንዲህ የተቈረጡት 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እግርን የሚያሳጣው የጕድጓዱ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን፥ የሁለቱ ጠላቶች መተባበር ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሥርዐቶች ተከትለዋል። በ2008 የወጣው ሲንባድ የቍስሉን ቦታ፥ የደሙን ዝውውር፥ ስሜትን፥ ማመርቀዝን፥ ስፋትንና ጥልቀትን እያንዳንዳቸውን 0 ወይም 1 ሰጥቶ እስከ 6 ይደምራል። በ2014 የአሜሪካ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው ዋይፋይ ደግሞ ቍስልን፥ የደም እጥረትንና ማመርቀዝን ከ0 እስከ 3 መዝኖ በአንድ ዓመት ውስጥ የመቈረጥን አደጋ ይገምታል። ይህ ሁለተኛው የደም ግፊትን በእግር ላይ የሚለካ መሣሪያ ይሻል፤ ሲንባድ ግን በዐይንና በእጅ ምርመራ ሊሠራ ስለሚችል፥ መሣሪያ ለሌለው የገጠር ጤና ጣቢያ የተሻለ ይመስለናል።

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፥ የምደባው ታሪክ የጥያቄው መለወጥ ታሪክ ነው። ቀድሞ «ቍስሉ ምን ያህል ጠልቋል?» ይባል ነበር፤ ኋላ «ይህ እግር ለመዳን ምን ቀርቶታል?» ተባለ። ቍጥር ፍርድ አይደለም። ከፍ ያለ ቍጥር የተጻፈበትን በሽተኛ ለመጋዝ ማዘጋጀት ሳይሆን፥ ደሙ እንዲከፈትለት፥ መግሉ እንዲወጣለት፥ እግሩም ከጭነት እንዲያርፍለት ፈጥኖ መላክ ይገባል። ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ግን 0 የተባለው ደረጃ ነው፤ በዚያን ጊዜ እግርን ገልጦ ማየት ብዙ ወጪ የለውምና።