አገር ያስተማራቸው መምህራን

በ1956 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ቁርጥ ያለ ደንብ አወጣ፤ አንድ ዓመት ያላገለገለ ተማሪ ዲግሪ የለውም። «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ተባለ። አብዛኞቹ የተመደቡት በየጠቅላይ ግዛቱ ለማስተማር ነበር።

የመምህር እጥረት ስለነበር ስሌቱ ይገባል። ያልታሰበው ሌላ ነው፦ የከተማው ልጅ ጭሰኛው ምርቱን ለባለመሬቱ ሲያካፍል በዓይኑ አየ። ሰሌዳው ላይ የሚጽፈውና በመስኮት የሚያየው አልገጥም አለው።

«መሬት ላራሹ»ን እነሱ ወለዱት ማለት ግን ስህተት ነው። ሰልፉ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ገና ከምድባቸው አልተመለሱም። ከተመለሱ በኋላ ግን ስለ ጭሰኛው የሚከራከረው ተማሪ ጭሰኛውን የሚያውቅ ሆነ።

ደርግም በ1967 ዓ.ም. ወደ 60 ሺህ ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ላከ። ብዙዎቹ ገጠር ከደረሱ በኋላ ከላካቸው መንግሥት ጋር ተጋጩ።