በጸሎት ውስጥ የቀረ ቋንቋ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አስተረጎመ። ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ከሚገኙት ከእነዚያ ትርጉሞች አንዱ በቤተ እስራኤል ቋንቋ የተጻፈ ነው። ተርጓሚ ለሆነ ሰው ከብሩስ የዓባይ ወሬ ይልቅ ይህ ሥራው ይበልጣል።

ቋንቋው ከአገው ወገን ሲሆን ቋርኛ፣ በሌላው ዘዬው ደግሞ ካይልኛ ይባል ነበር። ሚሲዮናዊው ፍላድ በ1866፣ ሃሌቪ በ1873፣ ራይኒሽ በ1885 ስለ ቋንቋው ጽፈዋል። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ግን ማኅበረሰቡ በጎንደር አማርኛ፣ በትግራይ ትግርኛ ተናጋሪ ሆኖ ነበር።

ቋንቋውን በዐዋጅ ያጠፋው የለም። ኦሪቱ የሚነበበው በግእዝ ነው። ርስት የተነፈገው አንጥረኛ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ደግሞ በክርስቲያን ገበሬዎች መካከል ተበታትኖ ስለኖረ ዕቃውን የሚሸጠው በእነርሱ ቋንቋ ነበር። ነገሩ ለጁባ አንባቢ እንግዳ አይመስለኝም፤ በኮኞ ኮኞ ገበያ የሚነግድ ሁሉ የጁባ ዐረብኛን ይለምዳል፤ ልጁ ደግሞ ያንኑ ይዞ ቤት ይገባል።

የግሪክ አይሁድ ዕጣ ከዚህ ይለያል። ግሪክኛቸውን በዕብራይስጥ ፊደል ይጽፉ ነበር፤ በ1547 ኦሪት በዚሁ ቋንቋ በቁስጥንጥንያ ታትሟል። በ1492 ከስፔን የተባረሩት አይሁድ በብዛት ሲመጡ በብዙ ከተሞች የስፔኖቹ ቋንቋ በለጠ። በመጋቢት 1944 ናዚዎች የዮአኒናን አይሁድ ወደ አውሽቪትስ ሲያግዙ፣ ከዋነኞቹ የቋንቋው መጠጊያዎች አንዱ ከነሕዝቡ ጠፋ። የእኛው ግን ሕዝቡ በሕይወት እያለ ነው የሞተው።

በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የሄዱት ይዘው የወጡት አማርኛና ትግርኛ ነበር። አገውኛው የቀረው ቄሶቹ ከግእዙ ጋር በሚያዜሟቸው ጸሎቶች ውስጥ ነው፤ ትርጉሙም ለብዙዎቹ ከተሰወረ ቆይቷል። ዜማው ስላለ ቋንቋው ተርፏል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ የማይገባን ቃል ድምፅ ብቻ ነው።

ጸሎቶቹን ለመፍታት ዋነኛው መክፈቻ የቅርብ ዘመዱ ቅማንትኛ ነው። ዘላለም ልየው በ2003 ስለዚሁ ቋንቋ መጽሐፍ አሳትመዋል። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ ቅማንት ነን ካሉት ከ172 ሺህ በላይ ሰዎች ቋንቋውን አፍ መፍቻ ያደረጉት ከሁለት ሺህ ያንሱ ነበር።