አልፕስ፣ ዩታ ወይስ ሆካይዶ፦ ለበረዶ ሸርተቴ የሚመረጠው የትኛው ተራራ ነው?

ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም፣ በሰሜኑ ዓለም ተራሮች ላይ እንደ ባዘቶ ተነባብሮ የሚከመረውም በአማርኛ አንድ ስም አለው፤ በረዶ። የበረዶ ሸርተቴ ወዳጆች ግን ይህን አንዱን ነገር በብዙ ይከፋፍሉታል። ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ሌሊቱን የወረደ ነው ወይስ ቀልጦ ዳግም የጠጠረ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሉ ውቅያኖስ ተሻግረው ይጓዛሉ፤ የተራራ መንደሮችም ኑሯቸውን የመሠረቱት በዚሁ መልስ ላይ ነው።

በዚህ ፉክክር ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳ ሦስት አካባቢዎች አሉ። እነርሱም የአውሮፓ አልፕስ ተራሮች፣ በአሜሪካ የሚገኘው የዩታ ግዛት እና የጃፓን ሰሜናዊ ደሴት ሆካይዶ ናቸው። ሦስቱም ከሌላው እንደሚበልጡ ይናገራሉ። ዩታ እንዲያውም በመኪና ታርጋ ላይ ሳይቀር በምድር ላይ ታላቁ በረዶ የእርሷ እንደሆነ ጽፋለች። ሲመዘኑ ግን አንዱ በተራራው አቀማመጥ፣ ሌላው በበረዶው ጥራት ይልቃል እንጂ ሁለቱን አሟልቶ የያዘ አይገኝም።

ስፖርቱ ለአፍሪካ ቀንድ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እአአ በ2006 በቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር በታሪክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሻነን አበዳ ደግሞ በ2018 በፒዮንግቻንግ፣ በ2022 ደግሞ በቤይጂንግ ኤርትራን ወክሎ በቁልቁለት ሸርተቴ ተወዳድሯል። ሮቤል ያደገው በአሜሪካ፣ አበዳ ደግሞ በካናዳ ነው።

ሁለቱ መመዘኛዎች

አንድ የሸርተቴ ሥፍራ በቅድሚያ የሚመዘነው በመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከጫፉ እስከ ግርጌው ያለው የከፍታ ልዩነት፣ የቁልቁለቱ ርዝመትና ጥልቀት፣ ገላጣ ወይም በዛፍ የተሸፈነ መሆኑ ይታያል። የከፍታው ልዩነት ትልቅ በሆነ መጠን ተንሸራታቹ ሳያቋርጥ ረጅም መንገድ ይወርዳል።

ሁለተኛው መመዘኛ በረዶው ነው። ብዛቱ ብቻውን አይበቃም፤ በውስጡ የያዘው የውኃ መጠንም ይለካል። 10 ሴንቲ ሜትር አዲስ በረዶ ቀልጦ 1 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢወጣው፣ የበረዶው የውኃ ድርሻ 10 በመቶ ነው ይባላል። ድርሻው ሲያንስ በረዶው ደረቅና ቀላል ይሆናል፤ እግርም ሳይከብድ ይንሳፈፍበታል። ሲበዛ ደግሞ እንደ ረጠበ ጭቃ ይጎትታል፣ ጉልበትንም ያደክማል።

አልፕስ፦ የቁልቁለት ባለጸጋ

በመሬት አቀማመጥ ረገድ አልፕስን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። በስዊትዘርላንድ ዘርማት በኬብል መኪና 3,883 ሜትር ከፍታ ላይ የደረሰ ሰው፣ በ1,620 ሜትር ላይ ወደምትገኘው መንደር ድረስ ከ2,200 ሜትር በላይ እየተንሸራተተ መውረድ ይችላል። ከዚያው ተራራ በሌላው ፊት የወረደ እንደሆነ ምሳውን የሚበላው በጣሊያን ምድር ነው። በፈረንሳይ ሦስቱ ሸለቆዎች በመባል የሚታወቀው አካባቢ በሊፍት የተያያዙ 600 ኪሎ ሜትር ያህል የሸርተቴ መንገዶች እንዳሉት ይናገራል።

የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ በ1924 በተካሄደባት ሻሞኒ ደግሞ ከ3,842 ሜትር ከፍታ ተነስቶ በግግር በረዶ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ ስመ ጥር መውረጃ አለ። በዚህ መስመር በበረዶ የተሸፈኑ ጥልቅ ስንጥቆች ስላሉ አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ይዞ መሄድ ይመከራል።

የአልፕስ ድክመት በረዶው አስተማማኝ አለመሆኑ ነው። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥበት አንዱን ሳምንት አትረፍርፎ ሌላውን ሊነፍግ ይችላል። ሞቃት ነፋስ በአንድ ቀን ለስላሳውን በረዶ ያረጥበዋል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ መልሶ ያጠጥረዋል። ብዙ ዝነኛ መንደሮችም ዝቅ ብለው የተቆረቆሩ ናቸው። በዓለም ከሚፈሩት የቁልቁለት ውድድሮች አንዱን የምታስተናግደው የኦስትሪያዋ ኪትስቡል ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በአንጻሩ የፈረንሳይዋ ቫል ቶራንስ በ2,300 ሜትር ላይ በመሠራቷ በረዶዋ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ዩታ፦ ደረቁ በረዶ

ከሶልት ሌክ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አልታ እና ስኖውበርድ የተባሉ ሁለት የሸርተቴ ሥፍራዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አልታ በአማካይ በዓመት ከ13 ሜትር በላይ በረዶ ይወርድባታል። በ2022 እና 2023 መካከል በነበረው የበረዶ ወቅት ደግሞ መጠኑ ከ22 ሜትር አልፎ ነበር።

ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሳው ደመና የካሊፎርኒያን ተራሮችና የኔቫዳን በረሃ ሲያቋርጥ እርጥበቱን እየቀነሰ ይመጣል። በመጨረሻም ከፍ ያለውን የዩታ ተራራ ሲገጥም የቀረውን በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ያራግፋል። በዚህ ምክንያት የአልታ አዲስ በረዶ የውኃ ድርሻ በአማካይ ከ8 እስከ 9 በመቶ ነው።

ሆኖም ምስጢሩ ቀላልነቱ ብቻ እንዳልሆነ የዩታ ዩኒቨርሲቲ የከባቢ አየር ተመራማሪ ጂም ስቲንበርግ ያስረዳሉ። በአሜሪካ ውስጥ ከዩታ የቀለለ በረዶ የሚወርድባቸው ሥፍራዎች አሉ። የዩታ ማዕበል ግን ብዙውን ጊዜ ሞቅ ብሎ ጀምሮ ቀዝቅዞ ስለሚያበቃ፣ ከበድ ያለው በረዶ ከሥር ይነጠፍና ቀላሉ ከላይ ይደረባል። ተንሸራታቹ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ከሥር ደግሞ የሚደግፈው ያገኛል። ብዙዎች ለበረዶው ምክንያት አድርገው የሚጠሩት የታላቁ ጨው ሐይቅ እርጥበት ድርሻም ከ10 በመቶ በታች ነው።

በቁልቁለት ርዝመት ግን ዩታ ከአልፕስ ጋር አትወዳደርም። የአልታ የከፍታ ልዩነት ከ650 ሜትር ያንሳል። በሌላ በኩል በአሜሪካ የተከለለው የሸርተቴ ሥፍራ በሙሉ በየማለዳው በጠባቂዎች ይፈተሻል፤ ሊናድ የሚችል በረዶም በፈንጂ አስቀድሞ እንዲወርድ ይደረጋል። በአልፕስ በአብዛኛው ይህ ጥበቃ የሚደረገው ምልክት ለተደረገባቸው መንገዶች ሲሆን፣ ከዚያ የወጣ ሰው ኃላፊነቱ የራሱ ነው።

ሆካይዶ፦ በየዕለቱ የሚታደስ በረዶ

ኒሴኮ የተባለው የሆካይዶ ተራራ ቁመቱ 1,308 ሜትር ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ቢነጻጸር እንኳ እጅግ ዝቅ ይላል። ነገር ግን በየበረዶ ወቅቱ 14 ሜትር ያህል ይወርድበታል።

ምክንያቱ ባሕሩ ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅና ብርቱ ቅዝቃዜ የጃፓንን ባሕር ሲሻገር ከሞቃቱ የባሕር ሞገድ እርጥበት ይቀበላል። ይህም ደመና የሆካይዶን ተራሮች ሲነካ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ነፋሱ በታኅሣሥና በጥር ወራት እምብዛም ስለማያቋርጥ፣ ትናንት የተረገጠው ቁልቁለት ዛሬ እንደ አዲስ ተሸፍኖ ይገኛል። ቅርንጫፋቸው የተራራቀ የበርች ዛፎችም በጫካ መካከል ለመንሸራተት ይመቻሉ።

ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል። ያለማቋረጥ በረዶ የሚወርድበት ሰማይ ፀሐይን አያሳይም። የኒሴኮ የከፍታ ልዩነት ከ1,000 ሜትር ያንሳል፤ ተዳፋቱም ለዘብ ያለ በመሆኑ ጥልቅ ገደል ለሚፈልግ ልምድ ያለው ሰው አይበቃውም። ከክልሉ ውጭ መንሸራተት የሚፈልጉም የሚያልፉት በተወሰኑ በሮች ብቻ ሲሆን፣ በሮቹ እንደ ናዳው ሥጋት ይከፈታሉ ወይም ይዘጋሉ።

ቁጥሮቹ ምን ያህል ይታመናሉ?

አብዛኞቹ ቁጥሮች ሥፍራዎቹ ራሳቸው የሚያወጧቸው ናቸው። የመንገዶቹ ርዝመት እንደ አለካኩ ይለያያል፤ አንዱ ቀጥታ መስመሩን፣ ሌላው የተንሸራታቹን ጥምዝምዝ ጉዞ ይቆጥራል። የበረዶው መጠንም በጫፍ ሲለካና በመንደሩ ሲለካ አንድ አይደለም። ከዚህም በላይ 14 ሜትር ወረደ ማለት 14 ሜትር ተከምሮ ይገኛል ማለት አይደለም። በረዶ በራሱ ክብደት ይጠቀጠቃል፣ ይተናል፣ ይቀልጣልም።

ሦስቱንም የሚያሠጋው ሙቀት

በ2023 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በአውሮፓ 2,234 የሸርተቴ ሥፍራዎችን መርምሯል። የዓለም ሙቀት ከቅድመ ኢንዱስትሪ ዘመን በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምርና ሰው ሠራሽ በረዶ ባይኖር፣ 53 በመቶዎቹ እጅግ ከፍተኛ የበረዶ እጥረት ሥጋት ይገጥማቸዋል። በ4 ዲግሪ ቢጨምር ደግሞ ቁጥሩ 98 በመቶ ይደርሳል። ሰው ሠራሽ በረዶ ሥጋቱን ቢያቃልልም ውኃና የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል።

ምልክቱ አሁንም በዓይን ይታያል። በሻሞኒ ዝነኛውን መውረጃ የጨረሱ ተንሸራታቾች ከግግር በረዶው ወጥተው ወደ ባቡር ጣቢያው ለመድረስ ረጅም ደረጃ ሲወጡ ኖረዋል። ግግሩ ዝቅ ባለ ቁጥርም ደረጃው ይጨምር ነበር።

በዩታ ታላቁ ጨው ሐይቅ ለእርሻና ለከተሞች በሚጠለፈው ውኃ ምክንያት እየቀነሰ በ2022 ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛ መጠን ላይ ደርሷል። ከደረቀው የሐይቁ ወለል የሚነሳው አቧራ በበረዶው ላይ ሲያርፍ ያጠቁረዋል፤ የጠቆረ በረዶም የፀሐይን ሙቀት ስለሚስብ ቶሎ ይቀልጣል። ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። የዩታ ነዋሪዎች በበጋ የሚጠቀሙበት ውኃ በአብዛኛው ከዚሁ በረዶ የሚገኝ ነው።

ሆካይዶ በበኩሏ ቅዝቃዜው ከሳይቤሪያ እስከመጣ ድረስ በረዶ አታጣም። ተራሮቿ ዝቅተኛ በመሆናቸው ግን የአየሩ ሙቀት ከዜሮ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር በረዶው ወደ ዝናብ ይለወጣል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ረጅም ቁልቁለት፣ ገላጣ ተራራና ከመንደር መንደር መጓዝ ለሚሻ ሰው ምርጫው አልፕስ ነው። በተለይ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚገኝ መንደር ቢመርጥ ይጠቀማል። ብዛትንና ድርቀትን አጣምሮ የያዘ በረዶ፣ እንዲሁም ጥበቃ የሚደረግለት ጥልቅ ተዳፋት ለሚፈልግ ዩታ ትስማማለች። አዲስ በረዶ ሳያጣ መሰንበትን ለሚያስቀድምና ፀሐይ ባያይ ቅር ለማይለው ደግሞ ሆካይዶ በጥር ወር የሚወዳደራት ጥቂት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ጀማሪ ግን የሦስቱም ዝና እምብዛም አይጠቅመውም፤ ለስለስ ያለ ተዳፋትና ታጋሽ አስተማሪ ካገኘ በአቅራቢያው ያለ ትንሽ ተራራ ይበቃዋል።