አስቂኝ የፍቅር ፊልም በላስታ ማታ

ልጅ ሳለሁ በላሊበላ ከተማ «ቪዲዮ ቤት» የምንለው ነገር በጭቃ የተመረገ አንድ ክፍል ነበር፤ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ በሣጥን ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን፣ ብርሃን እንዳይገባ በሩ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ። በአዘቦት ቀን የሚታየው የካራቴና የጦርነት ፊልም ስለሆነ ተመልካቹ እንደኔ ያለ ጎረምሳ ብቻ ነው። የአማርኛ የፍቅር ፊልም የመጣ ዕለት ግን የቤቱ ጠረን ሳይቀር ይለወጥ ነበር። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች፣ ገበያ የዋሉ ሴቶች፣ ታናሽ ወንድማቸውን ለጠባቂነት ያስከተሉ ልጃገረዶች አግዳሚውን ይሞሉታል። ከእነዚያ ማታዎች በአንዱ፣ በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ልጅቱ አባት ሳሎን ሲገቡ፣ ከፊቴ የነበሩ አንዲት እናት «ኖር!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ቤቱ በሣቅ ተናጋ። እርሳቸውም አብረው ስቀው ተቀመጡ። ያን ማታ ያየሁትን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ይህችም ጽሑፍ ከዚያ ሙከራ የተረፈች ናት።

የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ሲባል ፊቱን ያዞራል። ፍቅርን የምናከብረው ሲያስለቅሰን ነውና። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል በሞት አፋፍ የተገናኙበት መንገድ የአማርኛ ፍቅር ሁሉ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። ሆኖም ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ የሚያልቀው በመቃብር ሳይሆን በሠርግ ነው። መንታ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የወጣች ልጅ፣ ወንድ መስላ የምታሳስታቸው ሰዎች፣ ማንነቷ ሲገለጥ በፍቅር የሚሸነፍ ንጉሥ! ይህን ታሪክ ዛሬ አንድ የቦሌ ፊልም ሠሪ ቢያገኘው ከልብሱና ከፈረሱ በቀር ብዙም የሚለውጠው አይኖርም። እንግዲህ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለዳችን ከበዛብህ ይልቅ ለቪዲዮ ቤቱ እናቶች የቀረበ ነው ብል ሊቃውንቱ አይቀየሙኝ።

በፊልም በኩል ግን ጉዟችን የተጀመረው በጭንቀት ነው። ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን ሕዝቡ ማሳያውን «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው የታወቀ ነው። እላላ ኢብሳ የደረሰውና ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጀው የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም በ1957 ዓ.ም. ሲወጣ ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ነበር። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የፊልም ጥቅልል ለመግዛት አቅም ያጡ ወጣቶች ቪዲዮ ካሜራ አንስተው መሥራት ሲጀምሩ፣ ሰልፍ ያስያዘው የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የኤች አይ ቪን ነገር ከፍቅር ጋር አጣምሮ የያዘ ነው። ዘመኑ ራሱ የልቅሶ ዘመን ነበርና አይፈረድበትም። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የሔኖክ አየለ «የወንዶች ጉዳይ» መጣ፤ ተመልካቹም ስለ ፍቅር እየሣቀ ማሰብ እንደሚችል ድንገት ያወቀ ይመስል ከዚያ ወዲህ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» የሚለው ሐረግ በየፖስተሩ ላይ እንደ ማዕረግ ይጻፍ ጀመር።

ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በላስታ ተራራ ላይ ያለ ሰው በቦሌ ቪላና በካፌ በረንዳ ታሪክ ለምን ልቡ ይነካል? መልሱ እኒያ እናት ብድግ ያሉበት ቦታ ላይ ያለ ይመስለኛል። በእነዚህ ፊልሞች ፍቅረኞቹ በመኪና ቢሄዱ፣ በስልክ ቢጣሉ፣ አንዱ ሌላውን ሀብታም ነኝ ብሎ ቢያታልል፣ ነገሩ የሚቆረጠው ዞሮ ዞሮ በአባት ፊት ነው። በሀገራችን ልጅ የሚሰጠው በሽማግሌ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ በሕይወት ሲገጥም አይሣቅበትም። እናት ከመጋረጃ ጀርባ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች፣ ልጅቱ ትንፋሿን ትይዛለች፣ አባት አውቆ ቀጠሮ ያራዝማል። ለልጅነት የተዳሩ እናቶች ደግሞ ያን ቀጠሮ ሲቆርጡ እንኳ ማንም አልጠየቃቸውም። ፊልሙ ይህንኑ ሥርዓት ሳያፈርስ፣ ልጅቱ ቀድማ የመረጠችው ሰው ሽማግሌ እንዲልክ ያደርጋል፤ ሽማግሌው ቃሉን ሲረሳ፣ አባትየው ሲደናገጥም ያሣቀናል። ሁለቱም ወገን፣ የልብ ፈቃድና የአባት ፈቃድ፣ በአንድ ሳሎን ይታረቃሉ።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። የህንድ ፊልም በመርካቶው አዲስ ከተማ ሲኒማ በኩል የከተማውን ሰው ልብ የገዛው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሻህሩክ ካንና ካጆል የተወኑበት እ.ኤ.አ. የ1995ቱ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» በሙምባይ ማራታ ማንዲር ሲኒማ ከ25 ዓመት በላይ ታይቷል። በዚያ ፊልም ልጅቱ እንጥፋ ብትለው እንኳ ልጁ አባቷ እጇን ካልሰጡኝ አልወስድሽም ይላል። ይህን ለላስታ ሰው መተርጎም አያስፈልግም።

እኛ ወሎዬዎችም ስሜት አበዛችሁ ተብለን የምንታማ አይደለንም፤ ባቲም አምባሰልም የቅኝት ስም ከመሆናቸው በፊት የሀገራችን ስሞች ናቸው።

የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። በእነዚህ ፊልሞች ሣቁ የሚወጣው ከማን ነው? ብዙ ጊዜ ከዘበኛው፣ ከሠራተኛዋ፣ ትናንት ከገጠር ከመጣው የአጎት ልጅ ነው። አፉን ሲከፍት ይሣቅበታል፤ የሚያሥቀውም ያለው ነገር ሳይሆን አነጋገሩ ነው። ያ አነጋገር ደግሞ የአያቴ ነው። በቪዲዮ ቤታችን ዘበኛው በገዛ አንደበታችን ሲናገር ከሁሉ ቀድመን የምንሥቀው እኛው ነበርን፤ እኔም ስቄያለሁ። ኋላ ለትምህርት ወደ ከተማ ስወርድ ቃላቴን መርጬ የምናገረው ለምን እንደሆነ ጓደኛዬ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። የፍቅር ፊልሙ ድሃውን ከሀብታሟ ያስታርቃል፤ ባላገሩን ግን በር ላይ ያቆመዋል። ዘበኛው አፍቅሮ ሽማግሌ የላከበት ፊልም እስካሁን አላየሁም፤ ያየ ቢኖር ደስ ይለኛል።

ባንክ ቤት የምሠራ ሰው እንደመሆኔ አንድ ተጨማሪ ቅሬታ አለኝ፤ በፊልም ውስጥ ጥሎሽ የሚቆጥር የለም። በእኔ መስኮት ግን ጥር ሲቃረብ አባቶች የደብተራቸውን ቀሪ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስነብቡኛል።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ባንኩ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ከተማይቱም ለወራት በጨለማ ኖረች። ከጎረቤት አንዱ ትንሽ ሶላር ስለነበረው የሠፈሩ ስልክ ሁሉ ተራ እየጠበቀ በእርሱ ቤት ይሞላ ነበር። ማታ ማታ በአንዲት ስልክ ሚሞሪ ላይ የቀረ አሮጌ ፊልም እናያለን፤ ድምፁን ቀንሰን፣ ብርሃኑን በነጠላ ከልለን። ጀግና የሚዋጋበትን ፊልም የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም የሚለው «ያችን የሠርጓን» ነው። አስቀድመን አሥር ጊዜ አይተነው ነበር፤ ዘበኛው ሲናገርም በዝግታ እንሥቃለን። አንድ ማታ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ አባትየው ጉሮሮውን ጠርጎ አፉን ሊከፍት ሲል ስልኳ ሞተች። በጨለማው ውስጥ ለአፍታ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከጥግ፣ «ሰጧት፤ ምነው ዝም አላችሁ? እልል በሉ እንጂ!» አሉ። እልል ያለ ግን አልነበረም፤ ድምፅ ማሰማት ያስፈራ ነበርና። እርሳቸው ብቻ በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፍነው ቀስ ብለው እልልታቸውን ለቀቁት።