የአብሾ ነገር

ስሙኝማ! ኮልፌ ቀራኒዮ፣ እኛ ሰፈር፣ ቦዩ ዳር፣ ቆሻሻ ሲደፋበት በኖረ አፈር ላይ አንድ ተክል በቅሏል። አበባው እንደ ጡሩንባ ነው፤ ነጭ አለው፣ ወይን ጠጅም አለው። ፍሬው እሾሃም፣ ከዶሮ እንቁላል አነስ ያለ። ቅጠሉን በጣት ሲያሹት ይከረፋል። ዕፀ ፋርስ ይሉታል። ሌላው ስሙ ግን ገመናውን ያወጣዋል፦ አስተናግር።

ጎረቤቴ መሪጌታ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ቅኔ የተማሩት ዋሸራ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አብረን ስንወርድ ተክሉን በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

«ይቺን አውቃታለሁ።»

«አብሾ የሚሏት እሷ ናት የኔታ?»

«እሷ ናት እንጂ!»

መቼም አብሾን ያልሰማ የለም። የቆሎ ተማሪ ቀለም እንዲገባው፣ የሰማው እንዳይጠፋው፣ ቅኔ እንዲፈልቅለት ይጠጣዋል ይባላል። ከተሜው ደግሞ በሁለት ብርሌ ጠጅ የሚለይለትን ሰው «አብሾ አለበት» ይላል።

«ለመሆኑ ለትምህርት ይረዳል?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አንዱ ጓደኛችን ጠጥቶ ሁለት ቀን ከግድግዳ ጋር ሲሟገት፣ ከአየር ላይ ክር ሲለቅም ሰነበተ። ሲሻለው ብንጠይቀው አንዲት ነገር አያስታውስም። ቀለም እጨምራለሁ ብሎ፣ ልጄ፣ ያቺኑ ሁለት ቀን ተሰረቀ!»

አብሾ ትዝታን እንዴት እንደሚሰርቅ ለማየት አሁን ወደ ቤተ ሙከራ አይጦች ልውሰዳችሁ። ዕፀ ፋርስ ውስጥ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የአንጎል ሴሎች ከሚላላኩባቸው ኬሚካሎች አንዱ አሴቲልኮሊን ነው፤ መልእክቱን የሚቀበለው በር ሪሴፕተር ይባላል። ስኮፖላሚን በሩን አይከፍትም፤ ቁልፍ መግቢያው ላይ ተሰንቅሮ ባለቤቱን ያስቀራል። ተመራማሪዎች ዘንጊ አይጥ ሲፈልጉ የሚወጉት መድኃኒት እንግዲህ ይኸው የኛ አብሾ ውስጥ ያለው ነው!

ሪቻርድ ሞሪስ የሚባል ብሪታኒያዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው፣ የአይጥ ትዝታ የሚፈተንበት የውኃ ገንዳ አለ። ውኃው የደፈረሰ ነው፤ ከሥሩ መቆሚያ ተደብቋል። ጤነኛዋ አይጥ በጥቂት ቀን ልምምድ ቦታውን ታውቅና ቀጥ ብላ ትዋኛለች። ስኮፖላሚን ተወግታ የምትማረዋ ግን ስትባዝን ሰዓቷ ያልቃል። አስቀድማ አጥብቃ የያዘችውን ያን ያህል አይነጥቃትም፤ ይበልጥ የሚከለክላት አዲሱን መያዝ ነው። ተማሪው አብሾ የሚጠጣው ደግሞ አዲሱን ለመያዝ!

ሌላም ጉድ አለ። ዶናልድ ኦቨርተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ሥራ፣ አይጦችን ፔንቶባርቢታል በተባለ የእንቅልፍ መድኃኒት አደንዝዞ በየት በኩል መታጠፍ እንዳለባቸው አስተማራቸው። መድኃኒቱ ሲለቃቸው መንገዱ ጠፋቸው። ደግሞ ሲሰጣቸው ትዝ አላቸው። ትምህርቱ ለካ እዚያው ነበር፤ ሲነቁ በሩ ተዘግቶባቸው ነው እንጂ።

ይህን ስነግራቸው መሪጌታ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ታዲያ በአብሾ የተማረ እንደዚያች አይጥ ከሆነ፣ ቅኔ ለመዝረፍ ዕድሜ ልኩን ሊጠጣ ነዋ!»

እናንተ ግን፣ ልጆች ቦዩ ዳር ሲጫወቱ ያንን እሾሃም ፍሬ ፈልቅቀው ዘሩን እንዳይቀምሱ ዓይናችሁን ጣሉባቸው። አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያስቃዣል፤ ይገድላልም። የቀመሰ ካለ «ይሻለዋል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።